ወደ ውጭ የዞሩ ቁጥሮች

ደረጃው አሥራ ሁለት እርከን ነበረው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ኮርኒስ ገጨ።

ዊብከ የትንሿን የእንጨት ቤት ደረጃ በወረንጦ ይዛ አወጣችና እንደገና አስገባችው። ያው ነው። የእርሳስ ቁመት ያለው ሰው በዚያ ደረጃ ቢወጣ ኖሮ አናቱን ከእንጨት ጋር ያጋጭ ነበር እንጂ ላይኛው ክፍል አይደርስም ነበር። በላይኛው ወለል ላይ ለደረጃው የተተወው ቀዳዳ በግራ በኩል አፉን ከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። ደረጃው የሚደገፍበት መስኮት የሌለው ግድግዳ ግን በቀኝ ነው። ወለሉን ገልብጣ ሞከረች። አልሆነም፤ የግድግዳዎቹ ጥርሶች የሚገቡባቸው ጎድጓዳ መስመሮች በአንደኛው ፊት ብቻ ነው የተቆፈሩት።

የሰባት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ዮንተ የአባታቸው መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ በሆዱ ተኝቶ በባትሪ ወደ ቤቱ ውስጥ እያበራ ነበር።

«ታዲያ ሰዎቹ በየት በኩል ነው የሚወጡት?» አለ።

«ቆይ እስኪ።»

«በመስኮት ነው እንዳትዪኝ ብቻ።»

«ዮንተ፣ እያሰብኩ ነው።»

ዝም አለ። ዮንተ ዝም ካለ ደግሞ የሆነ ነገር እያብሰለሰለ ነው ማለት ነው። ባትሪውን አጠፋና የምድር ቤቱን ግድግዳ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይሄ አባዬ የሠራው ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እና አባዬ ነው የተሳሳተው?»

ዊብከ ወረንጦውን አስቀመጠች። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ኮላው እያለቀ ነው፣ ከሰፈሩ ሱቅ ማምጣት አለብኝ አለችና ካፖርቷን አንስታ ወጣች። በኮላው ቆርቆሮ ውስጥ ገና ግማሽ ነበር።

አባታቸው ያንን ግድግዳ አልሠራውም። ሣጥኑን እንኳ አልከፈተውም።

ሣጥኑን የገዛው ባለፈው ፀደይ ነው። ከላዩ ላይ በእንጨት ቋሚና ሰያፍ የተሠራ፣ ልክ እንደ ከተማቸው አሮጌ ቤቶች ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ፎቶ ነበረበት። ሦስት መቶ ምናምን ቁራጭ እንጨት፣ አንድ የአሠራር ወረቀት፣ ሁለት ከረጢት የጣሪያ ክዳን። አባታቸው ሃርም በሙያው አናጢ ነበር። እውነተኛ ጣሪያ የሚያቆም፣ ቀኑን በወጋግራ ላይ ሲራመድ የሚውል ሰው። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሳቀ። «በኮላ የሚቆም ቤት!» አለ። «ኤኖ ቢሰማ ከጣሪያ ላይ ይገፈትረኛል።» የሥራ ባልደረባውን ማለቱ ነው። ከዚያ ለዊብከ ክረምት ሲመጣ፣ ውርጩ ሥራ ሲያዘጋ፣ ሁለታቸው አብረው እንደሚሠሩት ነገራት። እሷ አናጢ፣ እሱ ረዳት። ውርጩ ሳይመጣ ግን በሽታው ቀደመ። ሣጥኑ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ ሃርም አረፈ።

ዊብከ ሣጥኑን ያወረደችው በጥር አንድ እሑድ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት ነበር፣ ትንሽ ቤት ሠርታም አታውቅም። ለማንም ሳትናገር ወደ ወርክሾፑ ይዛው ገባች። የአባቷ ካፖርት በር ላይ እንደተሰቀለ ነበር፣ ኪሱ ውስጥ የመጋዝ ዱቄት አለ። ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት መልስ እየገባች የምድር ቤቱን አራት ግድግዳ አቆመች። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጣ አደረቀች። እንዲህ የሚያምር ይሆናል ብላ አልጠበቀችም ነበር።

ዮንተ ያኔ ነው በሩን ገፍቶ የገባው። ቤቱን አየ፣ ዞረው፣ አፉን ከፍቶ ቆመ።

«አባዬ ነው የሠራው?»

ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ዊብከ ከቀብሩ ወዲህ አላየችም ነበር። አይ ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «አዎ» ነው። አንዲት ቃል። «እስከዚህ ድረስ እሱ ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ እቀጥላለሁ» ብላ ጨመረችበት፣ ጭራሽ እንዲያምር።

ውሸቱን ራሱ ዮንተ ነው ያሳደገው። ለክፍል ጓደኞቹ ነገረ። ለአባቱ የሥራ ባልደረባ ለኤኖ ነገረ። ለእናታቸው ነገረ። እናታቸው ኢልካ ከፋርማሲ ሥራዋ መልስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወርክሾፑ ገባች። ስለ ሣጥኑ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ጣቷን በግድግዳው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደችና «እንዴት አድርጎ ነው ያለሰለሰው» አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ከእራት በፊት ጎራ ትላለች፤ ብዙም አትቆይም፣ ነክታው ትወጣለች።

በዚህ ላይ ደግሞ ዮንተ የጣሪያ ድግስ ይደረግልን አለ። በእነሱ አገር የቤት ጣሪያ እንጨት የቆመ ዕለት አናጢዎቹ ጣሪያው አናት ላይ የጥድ ጉንጉን ይሰቅላሉ። አንዱ ከላይ ሆኖ በግጥም የተሠራ ቃል ይናገራል፣ ብርጭቆውን ጨልጦ ይሰብራል፣ ከዚያ ይበላል። ያለዚህ የቆመ ቤት የለም። ለትንሹ ቤት ለምን ይቀራል? ቅዳሜ ተባለ። ቋሊማና የድንች ሰላጣ ይኖራል። ቃሉን የምትናገረው ደግሞ ጣሪያውን የምታቆመው ዊብከ ናት ተባለ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተወስኖ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት ደረጃው ኮርኒስ የገጨው።

ዊብከ ከሱቅ ስትመለስ ዮንተ ቤት ገብቶ ነበር። ብቻዋን ሆና የአሠራር ወረቀቱን ከሣጥኑ ግርጌ አወጣች። እስከ ዛሬ አንዴም አላነበበችውም፣ በቤታቸው ወረቀት አንብቦ ግድግዳ የሚያቆም ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ በየቁራጩ ላይ በትኩስ ብረት የታተመው ቁጥር ወደ ቤቱ ውስጥ ይዙር፤ በኋላ የግድግዳ ወረቀት ይሸፍነዋል።

ቤቱን አየችው። ቁጥሮቹ በሙሉ ወደ ውጭ ዞረው ዓይን ዓይኗን ያዩአታል። እያንዳንዱን ግድግዳ ገልብጣ ነው ያቆመችው። በመስታወት ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኗል።

ይህን ስህተት ሌላ ከተማ ያደገች ልጅ ባልሠራችው ነበር። በእነሱ ከተማ፣ በቬዘር ወንዝ ዳር፣ አራት መቶ ዓመት የቆሙ የእንጨት ቤቶች አሉ። የጥንት አናጢዎች እንጨቱን መጀመሪያ መሬት ላይ አንጥፈው ይገጣጥሙና እያንዳንዱን በመሮ ጭረት ቁጥር ይሰጡታል። ከዚያ ፈትተው፣ ተሸክመው፣ ቦታው ላይ በቁጥሩ ያቆሙታል። ያ ምልክት ሁልጊዜ የሚዞረው ወደ መንገዱ ነው። ዊብከ ፊደል ሳትቆጥር ነው የግድግዳ ቁጥር ማንበብ የተማረችው። ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲወስዳት አባቷ በየቤቱ ያስቆማታል፣ አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ መስቀለኛ ከሆነ አሥር። «ምልክት ማለት ፊት ነው» ይላት ነበር፣ «ፊት ደግሞ ወደ ሰው ይዞራል።» ሣጥኑን ስትከፍት ቁጥሮቹን ወደ ውጭ ያዞረቻቸው ሳታስብ ነው፣ ሰው ሸሚዝ ሲለብስ ቁልፉን ወደ ፊት እንደሚያደርገው።

ወረቀቱን አጥፋ ሳትጨርስ ኤኖ ገባ።

ኤኖ ከአባቷ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ላይ የሠራ፣ ስድሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ የግራ ጠቋሚ ጣቱን ግማሹን መጋዝ የበላበት ሰው ነው። ልጆቹ አጎት ኤኖ ይሉታል እንጂ ዘመዳቸው አይደለም። በደህና እጁ የብርቱካን ስፋት ያላት የጥድ ጉንጉን ይዞ ነበር። ከኋላው ኢልካ ነበረች፣ ከእሷ ኋላ ዮንተ። ዮንተ ነገሩን በመንገድ ላይ ነግሯቸው ጨርሷል።

ኤኖ ጎንበስ አለ። ቤቱን ዞረው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እየሳቀ ነው።

«ምልክቱ ወደ መንገድ!» አለ። «ይሄ የእኛው ሰፈር እጅ ነው። የፋብሪካ ሰው ሺህ ዓመት ቢኖር እንዲህ አይሳሳትም። ወይ ሃርም፣ ወረቀት አላነብም እንዳልክ ሄድክ።»

ኢልካም ፈገግ አለች። ለአፍታ ዊብከ ነገሩ በዚህ የሚያልፍ መስሏት ነበር። ኤኖ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ፣ ቤቱን ብድግ አድርጎ ከሥሩ አየው። ግራ የገባው መሰለ።

«የማይገባኝ ግን» አለ፣ «ሃርም ሁሉንም መሬት ላይ ሳያነጥፍ፣ ሳይለካ፣ ሳይሞክር አንድ ሚስማር መትቶ አያውቅም። በሃያ ሁለት ዓመት አንዴም አላየሁም። ቢያነጥፈው ኖሮ ደረጃውን ያየው ነበር።» ቤቱን መልሶ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሽታው ይሆናል። ያኔ ጀምሮት ኖሯል ማለት ነው። ሐሳቡ ደክሞ ነበር።»

ኤኖ የተናገረው ነገር ከብዶት ይመስላል ቶሎ ወደ ጥገናው ገባ። ግድግዳውን ማፍረስ አያስፈልግም፣ አዲስ ቀዳዳ በቀኝ በኩል በቀጭን መጋዝ ይቆረጣል፣ የግራው በዚያው ቁራጭ ይደፈናል፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ስደፍን ነው የኖርኩት አለ። መጋዙን ትቶላት ሄደ። በሩ ላይ ያለ ምስማር ላይ ደግሞ የድግሱ ቃል የተጻፈበትን ወረቀት ሰካላት፣ እንድታጠናው።

በእራት ሰዓት ዮንተ ሾርባውን እያማሰለ «ሐሳብ ይደክማል እንዴ?» አለ። እናቱ ብላ አለችው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አባዬ እኔንም ረስቶኝ ነበር እንዴ?» አለ። ኢልካ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ አልረሳህም፣ ማን እንደዚህ አለህ አለችው። ግን ወደ ማንም ሳታይ ነበር ያለችው። በዚያ ማታ ወርክሾፑ ጋ ጎራ አላለችም።

በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ዊብከ ሙሉውን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሁለተኛ ውሸት ስትሠራ አሳለፈች። ጥሩ ውሸት ነበር፣ በመጀመሪያው ልክ ተቆርጦ የተሠራ። አባዬ በትክክል ነበር ያቆመው። እኔ ሳጸዳው ወደቀብኝ፣ ግድግዳዎቹ ተላቀቁ፣ ፈርቼ ሳልናገር ገልብጬ መልሼ አጣበቅኳቸው። በቃ። አባዬ አልተሳሳተም፣ ዮንተም አባዬ የሠራውን ቤት አያጣም፣ እናቷም ያንን ጠርዝ አታጣም። የምትጎዳው እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ትችለዋለች። ደወሉ ሲደወል ቃል በቃል አጥንታው ነበር።

ቤት ስትደርስ ከወርክሾፑ የዮንተ ድምፅ ይሰማል፣ እያንጎራጎረ ነው። እናቷ ደግሞ ሳሎን ነበረች። ዓርብ ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው። ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም፤ ምንጣፉ ላይ፣ የአባቷ አልጋ በመጨረሻዎቹ ወራት ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ሆስፒታሉ ያዋሳቸው ባለ ጎማ አልጋ ከተመለሰ አራት ወር ሆኖታል፣ አራቱ የጎማ ጉድጓዶች ግን ምንጣፉ ላይ እስካሁን አሉ። ጭኗ ላይ ያለፈው ዓመት የወጥ ቤት ካላንደር ተዘርግቷል።

«ቀኑን ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር» አለች፣ ዊብከ መግባቷን አውቃ ቀና ሳትል። «በበጋው። ጠዋት ጠየቀኝ፣ ከሰዓት ደግሞ መልሶ ጠየቀኝ። ሳቅኩበት።»

ዊብከ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ያኔ ይሆናል ግድግዳውን የሠራው» አለች እናቷ። «ወረቀት ማንበብ እንኳ አቅቶት። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱን ራሱ እንዲቆጥር እተወው ነበር። ልቁጠርልህ ስለው ይቆጣል፣ እተወዋለሁ። ሥራዬ እኮ ነው፣ ዊብከ። ለከተማው ሁሉ የምቆጥረው እኔ ነኝ።» አንድ ገጽ ገለጠች። «ስንት ጊዜ ተሳስቶ ይሆን?»

ያጠናችው ውሸት ምላሷ ላይ ነበር። ወደቀብኝ፣ ገልብጬ አጣበቅኩት። ይህን ብትል ካላንደሩ ይዘጋ ይሆናል። ግን እናቷ ነገ ማታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ትገባለች፣ የዊብከን ጠርዝ በጣቷ ትነካለች፣ ከነገ ወዲያም፣ በሚመጣው ዓመትም። ዊብከም ቆማ ታያታለች።

«እማዬ፣ አባዬ አልሠራውም።»

«ምኑን?»

«ቤቱን። ሣጥኑን አልከፈተውም። በጥር እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ ፕላስተሩን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ግድግዳዎቹን እኔ ነኝ ያቆምኳቸው። ዮንተ አባዬ ነው ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት።»

ኢልካ ቀና ብላ አየቻት። ከመንገዱ የብስክሌት ደወል ተሰማና አለፈ።

«ጠርዙንስ?» አለች በመጨረሻ።

«እሱንም።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እየገባሁ ስነካው አይተሽኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ዊብከ የምታውቀውን ነገር ተናገረች። በመጨረሻው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመጣ አባቷ በጀርባው ተኝቶ የሳሎኑን ኮርኒስ ተሸካሚ እንጨቶች እያየ ነበር። ጠራትና አንዱን አሳያት፤ ስድስተኛው ቦታ ላይ ሰባተኛው ነው የገባው፣ ሰባተኛው ቦታ ላይ ደግሞ ስድስተኛው። «ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለውም» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ወንበር ላይ ወጥታ አቧራውን ጠርጋ አየችው፣ እውነቱን ነበር። ከዚያ ከአራት ቀን በኋላ ነው የሞተው።

«ሐሳቡ አልደከመም ነበር፣ እማዬ። መድኃኒቱንም በትክክል ነበር የሚቆጥረው። እኔ እኮ አጠገቡ ሆኜ አየው ነበር።»

ኢልካ አንገቷን ቀና አድርጋ ኮርኒሱን ተመለከተች። በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ካላንደሩን ዘጋችው። ዊብከ አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል ግን እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

«ሂጂና ለዮንተ ንገሪው» አለች። «ያንን እኔ አልሸከምልሽም።» ከዚያ፣ ዊብከ በሩ ጋ ስትደርስ፣ «ከዚያ ተመለሺና ድንቹን አብረን እንልጣለን» አለቻት።

ዮንተ ወርክሾፑ ውስጥ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ከጉንጉኗ የሚንጠለጠሉትን ቀያይ ሪባኖች ዘርግቶ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ይጽፍባቸዋል። አንዱን ጨርሶታል። ፊደሎቹ ወደ መጨረሻው እየጠበቡ ሄደው፣ «ዋና አናጢ፦ አባዬ» ይላል።

ዊብከ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ለእናቷ የነገረችውን ነገረችው፣ በአጭሩ፣ ሳታሳምረው። ስትጨርስ ዮንተ ሪባኑን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ሪባኑን አየ።

«ለክፍሌ በሙሉ ነግሬያለሁ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ለመምህሬ ነግሬያለሁ። ለአውቶቡሱ ሹፌር ሁሉ ነግሬያለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ዮንተ።»

«ውሸታም ነሽ።»

«አዎ።»

የምትከራከረው መስሎት ነበር፣ ስላልተከራከረችው የባሰ ተናደደ። እስክሪብቶውን ወርውሮ ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ ፍቅፋቂው ከተጠራቀመበት ጥግ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ዊብከ እንዲወጣ አልለመነችውም። የኤኖን መጋዝ አጠገቧ አስቀምጣ በእርሳስ ማስመር ጀመረች፣ በቀኝ በኩል፣ መስኮት ከሌለው ግድግዳ በላይ። ሁለቴ ለካች። ለሦስተኛ ጊዜ ለካች። ወለሉን አንጥፋ ደረጃውን ያለ ኮላ አስቀመጠችበት፣ ከዚያ ነው መጋዙን ያስገባችው። ቀጭን የመጋዝ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ መርገፍ ጀመረ።

«አባዬ አልተሳሳተም ማለት ነው?» አለ ድምፁ ከሥር።

«አልተሳሳተም።»

«ሐሳቡም አልደከመም?»

«አልደከመም።»

«እኔንም አልረሳኝም?»

መጋዙን አቆመች። «በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጫማህን በግራ በቀኝ አዘዋውረህ አድርገኸው ስትገባ አይቶ ምን አለህ?»

«ዳክዬ አለኝ።»

«ታዲያስ።»

ወጣ። ፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂ ተጣብቋል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ፊቱ ግን አሁንም እንደተቆጣ ነው፣ ሊለቃትም አላሰበም።

«አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው» አለ። «በጣም ነው ደግሞ የተሳሳትሽው። በደረጃው ወጥተው ግው ነው የሚሉት።»

«ግው ነው የሚሉት» አለች።

ሊስቅ ነበር፣ ዋጠው። የተጻፈበትን ሪባን አንስቶ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። መቅደድም መተውም አልቻለም።

«አባዬን ታዲያ የት ልጻፈው?»

ዊብከ የቤቱን ግድግዳ ላለማየት ብላ ወደ በሩ ዞረች። ኤኖ ምስማሩ ላይ የሰካው ወረቀት ከአባቷ ካፖርት አጠገብ ተንጠልጥሏል። እስካሁን አላጠናችውም፤ ማንን ዋና አናጢ ብላ እንደምትጠራ ስላላወቀች ነው ልታጠናው ያልቻለችው። አወረደችውና ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። የመጀመሪያው ብርጭቆ የሚነሣው ለአናጢው አልነበረም። ለአናጢውማ የሚነሣው ሁለተኛው ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፦

«የመጀመሪያው ብርጭቆ ለባለቤቱ ይሁን፣ ይህ ቤት እንዲቆም ላሰበው፣ እንጨቱን ላመጣው፣ ደጁን ለከፈተልን።»

ዮንተ አጠገቧ መጥቶ ወረቀቱን አብሯት ተመለከተ። ፊደል ማንበብ የጀመረው ዘንድሮ ስለሆነ ጣቱን ከቃል ወደ ቃል አስኬደ፣ «እንጨቱን» የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሣጥኑን የገዛው እኮ አባዬ ነው» አለ።

«እሱ ነው።»

«ኮላ ባይነካም።»

«ባለቤት ኮላ አይነካም። ቆሞ ያያል፣ አናጢዎቹን ይጨቀጭቃል።»

ዮንተ ነገሩን መዘነው። በልቡ የሚፈልገው ይህን እንዳልነበረ ፊቱ ላይ ይታያል፣ አባቱ የነካው ግድግዳ ነበር የሚፈልገው። ቢሆንም ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ የድሮውን ሪባን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ አዲስ ዘረጋ። እስክሪብቶውን ፍለጋ ዊብከ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ሰዳ አምጥታ ሰጠችው። «ባለቤት፦ አባዬ» ብሎ ጻፈ፣ አሁን ቦታ ለክቶ ስለነበር ፊደሎቹ እኩል መጡ። ሌላ ሪባን ዘረጋና፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ «አናጢ፦ ዊብከ» አለበት።

እስክሪብቶውን ሳያነሣ ቀና ብሎ አያት።

«ስህተቱንም እጽፈዋለሁ» አለ። «ነገ ሁሉም ሰው ያነበዋል።»

ዊብከ ነገ የሚመጣውን አሰበች፣ ኤኖን፣ እናቷን፣ ራሷንም ብርጭቆውን ይዛ በርጩማ ላይ ስትወጣ። ሪባኑ ከሁለት ጫፉ እየተጠቀለለ ዮንተን አስቸገረው።

«ጻፈው» አለችና፣ እንዳይንሸራተትበት ጫፉን በጣቷ ተጭና ያዘችለት።